የቢሮ ስልክ ሠሪዎች በታች ስክሪን ይሳካላቸዋል? ከብላክቤሪ ታሪክ የምናየው

ለሥራ ሰው ተብሎ የተሠራ ስልክ ቁልፉ ቀርቶ ሙሉ በሙሉ ታች ስክሪን፣ ማለትም በጣት የሚነካ መስታወት፣ ቢሆን ገበያ ያገኛል? ብዙ ሰው መልሱ ያለቀለት ይመስለዋል። ቁልፍ ባላቸው የቢሮ ስልኮች የታወቀው ብላክቤሪ ሞክሮ ወደቀ፤ ስለዚህ አይሆንም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጁም፣ ዕቃ አድራሹም፣ ሐኪሙም የሚሠራው መስታወት እየነካ ነው። ታች ስክሪን ለሥራ አይመችም የሚለው ነገር አይያዝም።

ብላክቤሪን የጣለው ሌላ ነገር ነው። ታች ስክሪን ሲመጣ ስልኩን የሚመርጠው ሰው ተቀየረ። ከዚያ በፊት የሚመርጠው መሥሪያ ቤቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ራሱ ባለስልኩ ሆነ። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማየት ታሪኩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብላክቤሪ ምን ይሸጥ ነበር?

ኩባንያው ሲመሠረት ስሙ ሪሰርች ኢን ሞሽን ነበር። በ1984 ማይክ ላዛሪዲስ እና ዳግላስ ፍሬጊን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በካናዳዋ ዋተርሉ ከተማ አቋቋሙት። ላዛሪዲስ ኢስታንቡል ውስጥ ከግሪክ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ካናዳ የገባ ሰው ነው። በ1992 ጂም ባልሲሊ የሚባል የንግድ ሰው መጣ። ከዚያ በኋላ ላዛሪዲስ ምሕንድስናውን፣ ባልሲሊ ገንዘቡንና ሽያጩን ይዘው ለረጅም ዓመታት አብረው መሩት።

በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ብላክቤሪ ስልክ አልነበረም። ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ ፔጀር ነው። ትንሽ ስክሪን አለው። ከሥሩ በሁለት አውራ ጣት የሚመታ ኪቦርድ አለው። የሚሠራውም በአንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ነበር።

ዋናው ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አልነበረም። በዚያ ዘመን ኢሜይል ለማየት ኮምፒውተር ከፍቶ «የመጣ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥን ከፍቶ እንደማየት ማለት ነው። ብላክቤሪ ፖስተኛውን በር ድረስ አመጣው። መልእክቱ ሲመጣ በኪስህ ውስጥ ያለው መሣሪያ ይነዝራል። በቃ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከራሱ የኢሜይል ሰርቨር (ኢሜይሉን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር) አጠገብ የብላክቤሪን ሰርቨር ያስቀምጣል። ይህ ሰርቨር አዲስ መልእክት ሲያይ ያመሰጥረዋል፣ መጠኑንም ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ወደ ብላክቤሪ ኩባንያ ማዕከል ይልከዋል። ማዕከሉ ደግሞ በቴሌኮም ኔትወርኩ በኩል ወደ ስልኩ ይገፋዋል። የምስጢሩ ቁልፍ ያለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨርና በስልኩ ላይ። መንገድ ላይ የያዘው ሰው ሊያነበው አይችልም።

ከዚህ አሠራር ብዙ ጥቅም ወጣ። ዳታው ትንሽ ስለሆነ በዚያን ጊዜ በነበረው ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ ያለችግር ይሠራል። ባትሪ አይጨርስም። ስልኩ ከጠፋ የአይቲ ክፍሉ ከቢሮ ሆኖ ውስጡን ሊያጠፋው ይችላል። የይለፍ ቃሉ ስንት ፊደል ይሁን፣ ካሜራው ይሥራ አይሥራ፣ ምን አፕ ይጫን የሚለውን ሁሉ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። በዚያ ላይ የቴሌኮም ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየወሩ ለብላክቤሪ ክፍያ ይከፍሉ ነበር። ኩባንያው ስልኩን ሲሸጥም፣ ከሸጠ በኋላም ያገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ገዢው ማን ነው? የአይቲ ኃላፊው ነው። የእሱ ጥያቄ «ያምራል ወይ?» አይደለም። «ምስጢር ይጠብቃል? መቆጣጠር እችላለሁ? ባትሪው ይቆያል?» ነው። ሠራተኛው የተሰጠውን ይይዛል። ደግሞም ወደደው። በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ጥቃት ሲደርስ የድምፅ ኔትወርኩ ተጨናንቆ ብዙ ስልክ አልሠራ ሲል የብላክቤሪ መልእክት ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ለአባላቱ አደለ። ባራክ ኦባማ በ2009 ሥልጣን ሲይዙ ብላክቤሪዬን አልለቅም ብለው ተከራክረው፣ ጥበቃው ተጠናክሮላቸው ይዘውት ቀጠሉ።

የጥበቃው ጥንካሬ ከመንግሥታት ጋርም አጋጭቶታል። በነሐሴ 2010 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የብላክቤሪን መልእክትና ኢሜይል ላግድ ነው ብላ ነበር። በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩ ወገኖቻችን ያስታውሱት ይሆናል። ምክንያቱ መልእክቱ ተመስጥሮ ከአገር ውጭ ባለ ማዕከል በኩል ስለሚያልፍ መከታተል አለመቻሉ ነው። እገዳው ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀረ።

ታች ስክሪን ሲባል ምን ማለት ነው?

ታች ስክሪን ያኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አይቢኤም በ1994 ሳይመን የሚባል ታች ስልክ ሸጧል። ፓልምም ዊንዶውስ ሞባይልም ለሥራ ሰው በብዕር የሚነካ ስክሪን ያላቸው መሣሪያዎች ነበሯቸው። እነዚያ ግን የሚሠሩት በግፊት ነው። ሁለት ስስ ንጣፎች አሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ስትጫነው የላዩ ከታችኛው ይገናኛል። ስለዚህ ጥፍር ወይም ብዕር ያስፈልጋል። በጣት መጻፍ ያታክታል።

ሁለተኛው ዓይነት ግፊት አይፈልግም። መስታወቱ ላይ ቀጭን የኤሌክትሪክ መስክ አለ። ጣታችን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲጠጋ መስኩ ይረበሻል። ስልኩ የት ቦታ እንደተረበሸ ያሰላል። ዳሰስ ማድረግ ይበቃል፤ ሁለትና ሦስት ጣትም አብሮ ይለያል። ተራ ጓንት ካደረግክ ግን አይሠራም፤ ጓንቱ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል። ይህቺን የጓንት ነገር ያዟት፣ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ትልቁ ፈተና መጻፉ ነው። ጣት ከፊደሉ ቦታ ይሰፋል። እውነተኛ ቁልፍ ሲሆን ጣትህ ጠርዙን ይዳስሳል፤ ሳታይ ትጽፋለህ። መስታወት ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። ታዲያ እንዴት ተሳካ? በሶፍትዌር ነው። አይፎን ቀጥሎ የትኛው ፊደል ሊመጣ እንደሚችል ይገምታል። ሊመጣ የሚችለው ፊደል የሚነካበትን ቦታ በዓይን ሳይታይ ያሰፋዋል፤ የማይመስለውን ያጠበዋል። የተሳሳተውን ቃልም ያርማል። የታች ኪቦርድ ጥራት በመስታወቱ ውስጥ ሳይሆን ከጀርባ ባለው ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ይህን ማን ቀድሞ እንደገባው ማየት የታሪኩን ግማሽ ይነግረናል።

ሶፍትዌር መሆኑ ሌላም ነገር ሰጥቷል። ይህን አማርኛ ከሚጽፍ ሰው በላይ የሚረዳው የለም። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ኳ እና ጓ ሳይቆጠሩ። ሠላሳ ምናምን ቁልፍ ብቻ ባለው፣ በላዩም የላቲን ፊደል በታተመበት ፕላስቲክ ላይ ይህ ሁሉ የት ይገባል? መስታወት ላይ ግን ኪቦርዱ ሥዕል ነው። «ለ»ን ስትነካ እስከ «ሎ» ያሉት ይዘረጋሉ። ቋንቋ ሲቀየር ኪቦርዱም ይቀየራል። ሥራ ሲቀየርም እንዲሁ፤ ለስሌት ቁጥር፣ ለካርታ ባዶ ስክሪን፣ ለጽሑፍ ፊደል።

2007 ላይ የሆነው

ስቲቭ ጆብስ በጥር 9 ቀን 2007 አይፎንን ሲያስተዋውቅ የነቀፈው ይህንኑ ነበር። የአራት ስልኮችን ምስል አሳየ፤ አንዱ ብላክቤሪ ነው። ችግራቸው ከታች ያለው ቋሚ ኪቦርድ ነው አለ። ብትፈልገውም ባትፈልገውም እዚያው ተተክሏል።

ዋተርሉ ያሉት ሰዎች ያን ጊዜ ብዙ አለመደንገጣቸውን ሰው ሁሉ እንደ ጅልነት ያወራዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። የመጀመሪያው አይፎን 3ጂ አልነበረውም። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አይችልም። የሌላ ሰው አፕ አይጫንበትም። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል በወጉ አይቀበልም። የአይቲ ኃላፊው ከርቀት ሊያጠፋው አይችልም። ለቢሮ ገዢ ይህ መጫወቻ ነው። የብላክቤሪ ቁጥርም ማደጉን አላቆመም። በ2008 መጀመሪያ 14 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ነበሩት፤ በ2011 መጀመሪያ ከ60 ሚሊዮን አልፏል። ቁጥሩ እያደገ ላለ ሰው ቤትህ እየፈረሰ ነው ብትለው እንዴት ይሰማሃል?

ግን የሚያድገው ማን እንደነበር ማየት ያስፈልግ ነበር። ብዙው አዲስ ደንበኛ የባንክ ሠራተኛ አልነበረም። በኢንዶኔዥያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በእንግሊዝ ያሉ ወጣቶች ናቸው። የሚፈልጉት ቢቢኤምን፣ የብላክቤሪን የመልእክት መላላኪያ ነው። ለራሳቸው በራሳቸው ገንዘብ የሚገዙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ደንበኛ የተሻለ ነገር ሲያይ የሚያስፈቅደው የለም፤ ይሄዳል።

በሐምሌ 2008 ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። አፕል አፕ ስቶርን በ500 ያህል አፕ ከፈተ። በዚያው ሰሞን አይፎን መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበትን የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ኢሜይል በቀጥታ መቀበል ጀመረ፤ ከርቀት ማጥፋትም ቻለ። የመሥሪያ ቤቱ በር ትንሽ ገርበብ አለ።

ስቶርም፦ መስታወቱን ቁልፍ ለማድረግ የተደረገ ሙከራ

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ አይፎንን ብቻውን ይሸጥ የነበረው ኤቲኤንድቲ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ነው። ተቀናቃኙ ቬራይዞን እጁ ባዶ ነበር። አይፎንን የሚገዳደር ታች ስልክ ከብላክቤሪ ፈለገ፤ በአውሮፓ በኩል ቮዳፎንም ነበረበት። በኅዳር 2008 ስቶርም ወጣ።

ስቶርም ቁልፍ የለውም። ግን ስክሪኑ ራሱ ቁልፍ ነው። ይህን ልግለጸው። መስታወቱ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ቁልፍ ወደ ታች ይጫናል፤ «ቀጭ» ይላል። ፊደሉን ስትነካ ያበራል፣ ግን አይጻፍም። እንዲጻፍ መስታወቱን መጫን አለብህ። ከዚያ መልቀቅ። ከዚያ ቀጣዩን መንካት፣ እንደገና መጫን። ሹርፕሬስ ብለው ሰየሙት።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ አክብሬውም ነው የምናገረው። የብላክቤሪ መሐንዲሶች ደንበኛቸውን ያውቁታል። ያ ሰው «መታሁት ወይስ አልመታሁትም?» የሚል ጥርጣሬ አይወድም። ለአለቃው ስህተት ያለበት ኢሜይል መላክ አይፈልግም። ስለዚህ መንካትን ከመጫን ለዩለት፤ መንካት መፈለጊያ፣ መጫን ማረጋገጫ ይሁን አሉ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

እጅ ላይ ሲገባ ግን ሌላ ሆነ። እውነተኛ ኪቦርድ ላይ አንዱ አውራ ጣት ሳይነሳ ሌላው ይመታል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስቶርም ላይ ከሥር ያለው ማብሪያ አንድ ብቻ ስለሆነ መስታወቱ ተመልሶ እስኪነሳ መጠበቅ ግድ ነው። ሁለት ጣት መፈራረቅ አይችልም። ጠርዝ ላይ ያለ ፊደል ሲጫኑት መስታወቱ ያዘነብላል። ስልኩን ቀጥ አድርገህ ስትይዘው የሚመጣው ኪቦርድ ደግሞ በአንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ፊደል ያለበት ነበር። ሙሉውን ለማግኘት ስልኩን ማጋደም ነው። ስልኩም ሲጋደም ስክሪኑን ለማዞር ይዘገያል።

እንግዲህ ተመልከቱ። አፕል የጽሕፈትን ችግር በሶፍትዌር ፈታው። ብላክቤሪ በብረትና በሚጫን ማብሪያ ሊፈታው ሞከረ። ኩባንያው የሚያውቀው ሙያ ያ ነበርና። ከውስጥ ያለው ሶፍትዌርም የድሮው ነው። ዝርዝር፣ ትናንሽ ጽሑፍ፣ በድሮዎቹ ስልኮች መሃል የነበረችውን ኳስ እያንከባለሉ ይመርጡት የነበረ ሜኑ። ይህ ለጣት አልተሠራም። ዋይፋይም አልነበረውም።

ያም ሆኖ ተሸጠ። በሁለት ወር ገደማ ግማሽ ሚሊዮን ያህሉ በሰዎች እጅ ገባ ተብሏል። ወሬው ትልቅ፣ ማስታወቂያው ብዙ ነበር። ከዚያ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ሱቅ ይመለስ ጀመር። ስክሪኑ ይደርቃል፣ ሶፍትዌሩ ይንገዳገዳል። ለገና ገበያ ለማድረስ ሲባል ተጣድፎ የወጣ ዕቃ ነበር። በ2009 መጨረሻ ስቶርም 2 ሲወጣ ብዙው ተስተካክሎ ነበር፤ ዋይፋይ ገባበት፤ አንዱ ማብሪያ ቀርቶ በአራት ሴንሰሮች ተተካ፣ ሁለት ጣትም መፈራረቅ ቻለ። ግን ማን ይመለስ?

የከፋው የቬራይዞን ነው። በዚያው በ2009 መጨረሻ ፊቱን ወደ አንድሮይድ አዞረ፤ የሞቶሮላን ድሮይድ በከፍተኛ ማስታወቂያ ሸጠ። በእኔ ዕይታ ስቶርም ብላክቤሪን የጎዳው ራሱ መጥፎ ስልክ ስለነበረ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድሮይድን ወደ ዋናው መንገድ ያስገባው ያ ክፍተት ነው። ቬራይዞን በስቶርም ረክቶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ገንዘብ ለድሮይድ ባላፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት

በ2010 ቶርች መጣ። ታች ስክሪንም ከሥር የሚንሸራተት ኪቦርድም አለው። ክፉ አልነበረም፤ ግን ዘግይቷል።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ኪውኤንኤክስ የሚባል የኦታዋ የሶፍትዌር ድርጅት ገዛ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር። የድሮው ሶፍትዌር ለታች እንደማይሆን ገብቷቸዋል ማለት ነው። በመጀመሪያ የሞከሩት ግን በታብሌት ላይ ነው። በ2011 የወጣው ፕሌይቡክ በ499 ዶላር፣ በአይፓድ ዋጋ፣ ሲሸጥ የራሱ የኢሜይል አፕ አልነበረውም። ኢሜይል ለማየት ከብላክቤሪ ስልክ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። በኢሜይል ስሙን የተከለ ኩባንያ! በዓመቱ መጨረሻ ላልተሸጠው ዕቃ 485 ሚሊዮን ዶላር ከሂሳቡ ቀነሰ። በጥቅምት 2011 ደግሞ ማዕከሉ ተበላሽቶ ለቀናት በብዙ አገር መልእክት ቆመ። ሁሉ በኩባንያው ማዕከል ማለፉ የጥንካሬው ምንጭ እንደነበረ ሁሉ ድክመቱም ሆነ። በጥር 2012 ላዛሪዲስና ባልሲሊ ከሥራ አስፈጻሚነት ለቀቁ፤ ቶርስተን ሄይንስ ተተካ።

ብዙ ሰው የማያውቀው የሚመስለኝ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። በጥር 2013 የወጣው ዜድ 10 ጥሩ ታች ስልክ ነበር። ይህን ለማለት አላመነታም። ሶፍትዌሩ ከሥር እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ኪቦርዱ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ከፊደሉ በላይ ያስቀምጥልሃል፤ በአውራ ጣት ወደ ላይ ወርወር ስታደርገው ይጻፋል። የሥራውና የግሉ ክፍል ተለያይቶ ይቀመጣል፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሲያጠፋ የልጆችህ ፎቶ አይነካም። ለሥራ ሰው ታች ስልክ ምን መምሰል እንዳለበት አገኙት።

ግን አልተሸጠም። በመስከረም 2013 ኩባንያው በአንድ ሩብ ዓመት ወደ 965 ሚሊዮን ዶላር እንደከሰረ አሳወቀ፤ አብዛኛው ያልተሸጠ ዜድ 10 ነው። 4,500 ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት ተናገረ። ለምን?

አንደኛው አፕ ነው። ኢንስታግራም አልነበረውም። ሌሎችም ብዙ አልነበሩም። አፕ የሚሠራ ድርጅት ደንበኛ ወዳለበት ይሄዳል፤ ደንበኛም አፕ ወዳለበት። ይህን ዙር ዘግይቶ የመጣ ሰው ሊሰብረው በጣም ይከብደዋል። «የሥራ ስልክ ነው፣ ኢንስታግራም ምን ያደርግለታል?» ልትሉ ትችላላችሁ። ሰው ሁለት ስልክ መያዝ ሰለቸው፤ መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ብዙም የማይነሳ ነው። አዲሱ ስልክ ከድሮው ሰርቨር ጋር አይሠራም። መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሰርቨር መትከል ነበረባቸው። አንድ የአይቲ ኃላፊ ሁሉንም ከአዲስ መጀመር ካለበት ቁጭ ብሎ ያስባል። ሌሎቹንም ያያል። ብላክቤሪ ደንበኞቹን አሥር ዓመት አጥሮ የያዘበትን አጥር በገዛ እጁ አነሳ። አዲሱ ስልክ ኢሜይሉን እንደ ሌሎቹ ስልኮች ስለሚቀበል ያ የየወሩ ክፍያም ይሟሽሽ ጀመር።

መራጩ ሲቀየር

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ያልኩት ነገር የሚታየው። ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ቢሮዎች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገም ነበር። አለቃው በገና አይፎን ወይም አይፓድ ያገኛል። ሰኞ ይዞ ይመጣና «ኢሜይሌን እዚህ ላይ አስገባልኝ» ይላል። የአይቲው ልጅ ጥበቃው አይበቃም ብሎ ይከራከራል። አለቃው ግን አለቃ ነው። ከዚያ ምክትሉ ይመጣል። ከዚያ የሽያጭ ክፍሉ።

አፕል ይህንን አይቶ በየዓመቱ ቀዳዳ ደፈነ። በ2009 በስልኩ ውስጥ ያለውን ዳታ ማመስጠር ጀመረ። በ2010 ድርጅቶች ብዙ አይፎን ከአንድ ቦታ እንዲቆጣጠሩ አስቻለ። ሳምሰንግ በ2013 ኖክስ ብሎ የሥራውን ክፍል የሚለይ ጥበቃ አመጣ። ከብላክቤሪ ጋር እኩል መሆን አላስፈለጋቸውም። የሚበቃ መሆን በቃቸው። ሠራተኛው ቀድሞ ወዶታል፤ የቀረው የአይቲውን ፍርሃት ማስታገስ ብቻ ነው። ብላክቤሪ ግን የአይቲውን ልብ ይዞ የሠራተኛውን መለመን ነበረበት። የኋለኛው በጣም የሚከብድ ሥራ ነው። ጥበቃ የሚጨመር ነገር ነው፤ መወደድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጨመርም።

በኋላ ጆን ቼን የሚባል ሥራ አስፈጻሚ መጥቶ ኩባንያውን ከሞት አዳነው። ስልኩን ግን አላዳነም። በ2015 ፕሪቭ በአንድሮይድ ወጣ፤ አፕ የለም የሚለው ችግር ተፈታ። ግን አንድሮይድ ከሆነ ሳምሰንግ አለ አይደል? በመስከረም 2016 ኩባንያው ስልክ መሥራት አቆማለሁ አለ። የቻይናው ቲሲኤል ስሙን ተከራይቶ ኪዋን እና ኪቱ የሚባሉ ኪቦርድ ያላቸው ስልኮች እስከ 2020 ሸጠ። ቁልፍ የሚወዱ ሰዎች እውነተኛ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ፋብሪካ አያቆምም። በጥር 4 ቀን 2022 የድሮዎቹ ብላክቤሪዎች አገልግሎት ተዘጋ።

ብላክቤሪ ብቻውን አይደለም። ኤችፒ በ2016 ለሥራ ብቻ የታሰበ ኢሊት ኤክስ 3 የሚባል ታች ስልክ አወጣ። ጠረጴዛ ላይ ሲሰካ እንደ ኮምፒውተር ይሠራል። የተመሠረተው በማይክሮሶፍት የስልክ ሶፍትዌር ላይ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ሲሞት አብሮ ሞተ።

ታዲያ የተሳካለት የለም?

አለ። ግን የሚገኘው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ መጋዘን እንግባ።

ዕቃ የሚያደርስ ሰው በእጁ የሚይዘውን፣ ባርኮድ የሚያነበውን መሣሪያ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ገበያ ለብዙ ዓመት በቁልፍና በዊንዶውስ የተያዘ ነበር። ማይክሮሶፍት ለእነዚያ መሣሪያዎች የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚያቆም ሲታወቅ፣ በ2020 መጀመሪያም ለዋናው ሲያቆም፣ ገበያው በአንድነት ወደ አንድሮይድ ታች ስክሪን ተሻገረ። ከትልልቆቹ ሠሪዎች አንዱ ዜብራ ነው። በ2014 የሞቶሮላ ሶሉሽንስን የዚህ ዓይነት ክፍል በ3.45 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሌላው ሃኒዌል ነው።

የዜብራ መሣሪያዎች የታች ስክሪኑን ጓንት በተደረገበት እጅም እንዲሠራ አድርገው ይሠሩታል። ባርኮዱን ለማንበብ በጎን በኩል እውነተኛ ቁልፍ አለ፤ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የሚደረግን ነገር መስታወት ላይ አላስቀመጡትም። ባትሪው መሣሪያው ሳይጠፋ የሚቀየርላቸው ሞዴሎች አሉ። የሶፍትዌር ድጋፉ ለዓመታት ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ወፍራም ጓንት ለሚያደርግ ሠራተኛ ደግሞ ሙሉ ቁልፍ ያላቸው ዛሬም ይሠራሉ።

እዚህ ሠራተኛው ኢንስታግራም የለውም ብሎ አይመልሰውም። የሚሠራበት አፕ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እሱንም ያሠራው ድርጅቱ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ መሣሪያውን ቻርጀሩ ላይ ትቶ ይሄዳል። የራሱን ስልክ ከኪሱ ያወጣል። ሁለቱ አይወዳደሩም።

ስለዚህ ለሥራ ብቻ የሚሠራ ታች ስልክ ይሳካል፤ መርጦ የሚከፍለው ድርጅቱ ሆኖ ሲቀጥል። ወደ ሰው ኪስ ልግባ ሲል ግን ሌላ ውድድር ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ጥበቃና ባትሪ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደሉም።

ብላክቤሪም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ለታች ስልኮቹ ብሎ የገዛው ኪውኤንኤክስ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ውስጥ አለ። ከመሪው ጀርባ ባለው ዲጂታል ሰሌዳ፣ ለነጂው በሚረዱ የደኅንነት ሥርዓቶች፣ በመሃሉ ስክሪን ላይ ይሠራል። መኪናውን የሚገዛው ሰው ስሙን አያውቀውም፣ አይመርጠውምም። የሚመርጠው የመኪና ፋብሪካው መሐንዲስ ነው። የእሱ ጥያቄ ሶፍትዌሩ መንገድ ላይ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚል ነው።